ተሾመች፣ ዘመናይና የመንግሥት ፉርሽካ

ተሾመች ላም የምታልበው በአፏ ነው ይሏታል የሰፈሯ ሰዎች። እጇ ለእገዛ ያህል ነው። ማለዳ፣ የሚዛን ተፈሪ ጉም ከኮረብታው ላይ ገና ሳይነሣ፣ ከቆርቆሮ በረቷ መጀመሪያ የሚወጣው ዜማ ነው፤ ቀጥሎ ወተቱ የባልዲውን ሆድ ጭርር ጭርር ሲያደርግ ይሰማል፤ ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ሣቅ ይከተላል። ሣቁ የሚመጣው ግጥሙ ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው በመሆኑ ነው። የዛሬው ባለተራ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ከቤት የማይወጡ ጎረቤቶች አሉ፤ ተራው የእነሱ ከሆነ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፉ አስቀድመው መወሰን ይፈልጋሉ።

ከጉራጌ አገር ከባሏ ከታፈሰ ጋር የመጣችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። እሱ ብትን ጨርቅ በአህያ ጭኖ መጣ፤ እሷ ደግሞ እናቷ ስታልብ ትለው የነበረውን ዜማ በደረቷ ይዛ መጣች። ጨርቁ ተሸጠ፣ ሱቅ ሆነ፣ ቤት ሆነ። ዜማው ግን ላም አጥቶ ሃያ አምስት ዓመት ዞረ፤ ለሰርግ ተዋሰ፣ ለማኅበር ተዋሰ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ተንጎራጎረ። ታፈሰ በሞተ ጊዜ ሱቁን ዘጋች፤ ድምጿንም አብራ የዘጋችው መሰለን። ሁለት ክረምት ሙሉ ከዚያ ግቢ የተሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ነበር፤ ዝናብ ደግሞ፣ ሚዛን ላይ፣ ዜና አይደለም።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው እንግዲህ መንግሥት ወተት ያሰበን። እውነትም ያስፈልገን ነበር። ከተማችን ቡናዋን ለዓለም ትልካለች፣ ወተቷን ግን የጣሳ ዱቄት በጥብጣ ትጠጣለች። የከተማው ሴቶች አዳራሽ ተጠሩና ስለ ድጎማው ተነገራቸው፦ የድቅል ጊደር ዋጋ ከሦስት እጅ ሁለቱን መንግሥት ይችላል፤ የላም መኖው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ከጅማ እየመጣ በግማሽ ዋጋ ይሰጣል፤ አዳቃዩም ሐኪሙም በነፃ ይመጣሉ። በምላሹ ላሚቱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ትኖራለች፣ ሜዳ አትወጣም፣ ወተቷም በየወሩ ይመዘገባል።

«ጥያቄ ያላችሁ?» አለ የእንስሳት ባለሙያው ፍሬአብ።

ከኋላ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት እጇን አነሣች። «ላሚቱ ዘፈን ትሰማለች ወይ?»

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ፍሬአብ መነጽሩን አስተካከለ። «እትዬ፣ የተዳቀለች ናት እንጂ ደንቆሮ አይደለችም።»

ተሾመች በዚያችው ዕለት ተመዘገበች።

ጊደሮቹ አሥራ አንድ ሆነው በአይሱዙ ከማሻ በኩል መጡ። ጭቃው ጎማውን እየዋጠ፣ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ፣ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የተሾመች ዕጣ ጥቁርና ነጭ፣ አራት እግሮቿ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ የሆኑ፣ እንደ ሙሽራ አንገቷን የሰበረች ጊደር ነበረች። ከመኪናው ስትወርድ ጭቃውን አይታ እግሯን መለሰች። ጫኞቹ ገፏት፤ እሷ ግን እምቢ አለች። ተሾመች ወደ ቤት ሮጣ ማዳበሪያ ከረጢት አምጥታ ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ አነጠፈችላት።

«አይ ዘመናይ!» አለች። ስሙ በዚያው ጸና።

የዚያን ዕለት ነው ከሁለት ክረምት በኋላ ድምጿን የሰማነው፤ መጀመሪያ የተሰነጠቀ፣ ቀስ በቀስ የተወለወለ።

ከማሻ ስትመጪ፣ በጭቃ በዝናብ፣
ከደረቴ ወጣ የከረመው ሐሳብ።

እኛም ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ዓይናችንን ጠረግን። በሳምንቱ ግን ለቅሶው አልቆ ተረቡ ተጀመረ። የጀመረችውም በራሷ ላም ነው፦

ዘመናይ ኮራችብኝ፣ ባለነጭ ካልሲዋ፣
በየወሩ ይመጣል ፉርሽካው ደሞዟ።

ዘመናይም የሚገባትን አወቀች። የእንሰት ቅጠል በጣት ልክ ተከትፎ ካልቀረበላት አፍንጫዋን ታዞራለች። ፉርሽካው ከጅማ ሲዘገይ፣ ቢሮ ሄዳ የምትከራከረው ተሾመች ናት፤ የምታኮርፈው ላሟ። ጆሮዋ ላይ የተሰካላትን ቢጫ ቁጥር ተሾመች በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ ሰወረችው። «በቁጥር የሚጠራ እስረኛ ነው» አለች፤ ፍሬአብ ቁጥሩን ማየት ሲፈልግ ጨርቁን እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ታሳየውና መልሳ ትከድነዋለች።

ዘመናይ ወለደች። እንገሩ አለቀ፣ ወተቱ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተነገረ የቀረው ታሪክ አይገባም። እኛ አገር ላም ያለው ሰው፣ ላሟ ስንት እንደምትሰጥ አይናገርም። ባልዲው ከበረት ወደ ቤት የሚሄደው ተከድኖ ነው። የወተት ሙላት ዓይን ይስባል፤ ዓይን ደግሞ ግት ያደርቃል። ስለዚህ የሚጠይቅህ ሁሉ፣ ጎረቤት ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን፣ ንስሓ አባት ቢሆን፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ለሻይ ያህል።» ጠያቂውም ያንን ሲሰማ «ተመስገን» ብሎ ያልፋል፤ በረቱ ወተት እንደ ሞላ ገብቶታልና።

ፍሬአብ ግን ማለፍ አልቻለም። ቅጽ ይዞ ነበር።

በየማለዳው ለቁጥጥር ይመጣል። ቁጥጥሩ ዘመናይን ከፊት፣ ከኋላ አይቶ በረንዳው ላይ መቀመጥ ነው፤ ከዚያ ተሾመች የፈላ ወተት በብርጭቆ ታመጣለታለች፤ እሱም «ኧረ አይገባም» ይልና ይጠጣል፤ ሁለተኛውን ስታመጣ ደግሞ ዝም ብሎ ይጠጣል። ይህም በዜማ ተመዝግቧል፦

የግብርናው ልጅ፣ ያ ባለመነጽሩ፣
ሁለት ብርጭቆ ነው የጠዋት ምርምሩ።

በአንዱ ማለዳ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ሆኖ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«እትዬ ተሾመች፣ ዘመናይ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች?»

«ለሻይ ያህል።»

«ለሻይ ያህል የሚል ቦታ የለውም። ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«እንግዲያው ለሁለት ሰው ሻይ።»

«ማንና ማን ናቸው ሁለቱ?»

«እኔና ልጄ ሐሴት።»

«ሐሴት ጅማ አይደል እንዴ የምትማረው?»

«አዎን። ስትመጣ።»

ፍሬአብ አፉ ዳር የቀረውን የወተት አረፋ በመዳፉ ጠረገና «አንድ ሊትር» ብሎ ጻፈ። ምን ያድርግ? ቅጹ አናት ላይ «አርቢዋ የተናገሩት ይሞላ» ይላል። ከዚያም በላይ የሱም እናት ላም አላት፤ ስለዚያች ላም ወተት እስከ ዛሬ የሰማው ነገር ቢኖር «ለሻይ ያህል» ብቻ ነው፤ በዚያው ወተት ግን ስድስት ልጅ አድጎ ኮሌጅ ገብቷል። በሚቀጥለው አጥር ዙሌይካ ጋ ሄደ። ዙሌይካ የአውራ ጎዳናውን ሻይ ቤት የያዘች፣ ከጅማ በኩል የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ ከአሥራ አንዱም አንዷ ላም የእሷ ናት፣ ተሾመች በጾም ወራት ገዢ ስታጣ ወተቷን የምትረከባትም እሷ ናት። «ለሻይ ያህል» አለች ዙሌይካ፤ ከኋላዋ ሠላሳ ሰው ማኪያቶ እየጠጣ። አሥራ አንዱም ቤት መልሱ እንደዚያው ሆነ። አንዲቷማ «ነጥፋ ይሆናል፣ አላየሁም» ብላ ባዶ አስጻፈች።

ቅጹ በወር አንዴ ይሄዳል። ወደ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበው ማንም አላሰበም። እኛ ወረቀት ወደ ቢሮ ሲገባ ጉም ውስጥ እንደ ገባ ሰው ነው የምንቆጥረው።

አንባቢ ግን ነበረው። ባዘዘው ይባላል፤ የድጎማው ኃላፊ፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ቁጥር የማይዘልል፣ ቀልድ የማይወድ ሰው ነው ይሉታል። ዘጠኝ ወር የተጠራቀመውን ቅጽ ደመረ፣ አካፈለ፣ ደነገጠ። አሥራ አንድ ድቅል ላም፣ ያን ሁሉ ፉርሽካ በልተው፣ ተደምረው ከአሥር ሊትር አላለፉም! መመሪያው ደግሞ ግልጽ ነው፦ በቀን ከስድስት ሊትር በታች የምትሰጥ ላም በአግባቡ አልተያዘችም፤ ድጎማዋ ይቋረጣል፣ ላሟም ለሌላ አርቢ ትተላለፋለች። ሸኮ ወረዳ ላይ በረት ሠርተው፣ ወለል አንጥፈው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ላሞቹ እንዲወሰዱ የሚያዘው ደብዳቤ ሲመጣ ለመረከቢያው ቀን የቀረው አሥር ቀን ነበር።

ፍሬአብ ደብዳቤውን ሲያነብላት ተሾመች የእንሰት ቅጠል እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«ዘመናይን?»

«ሁሉንም፣ እትዬ። የእርስዎ ስም ግን መጀመሪያ ነው። በቀይ ነው የተጻፈው።»

«እንዴት ብላ ነው ሸኮ የምትሄደው? ጭቃ አትረግጥም እኮ።»

ፍሬአብ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዚያ ጠዋት ወተቱን ሳይነካው ሄደ፤ ይህ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው።

ለሦስት ቀን ከዚያ በረት ዜማው ሲወጣ ሣቅ አልተከተለውም። እንዲህ ነበር የምትለው፦

ባዘዘው መጣልሽ፣ ወረቀት ታቅፎ፣
ከጓሮዬ ሊወስድሽ፣ ስሜን በቀይ ጽፎ።

በአራተኛው ቀን ኀዘኑ ወደ ንዴት ሲዞር ሌላ ተጨመረበት፤ ያኛው ዘመናይን ይበልጥ ደስ ሳያሰኛት አልቀረም መሰለኝ፣ ጭርር የሚለው ድምፅ ወፍሮ ተሰማ። በአምስተኛው ቀን ዙሌይካ አጥሩን ዞራ መጣች።

«እስከ መቼ ለላም ስሞታ ትነግሪያለሽ? ተነሺ፣ ለሰውየው ንገሪው።»

«ምን ብዬ?»

«ስንት እንደምትሰጥ ነዋ!»

ተሾመች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንቺ ለምን ያንቺን አትነግሪውም?»

ዙሌይካ ትንሽ አሰበች። «የኔ እኮ ለሻይ ያህል ናት» አለች። ሁለቱም ሣቁ፤ ተሾመች ሣቋ መሐል ላይ እንባ ገባበት። ለማንኛውም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው ቢሮ ሄዱ። ፍሬአብም ከበሩ አጠገብ እንደ ጥፋተኛ ቆመ።

ባዘዘው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካው።

«ወይዘሮ ተሾመች፣ እዚህ አንድ ሊትር ይላል። እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

«ውሸት አይባልም።»

«እሺ፣ እውነት ነው?»

«እውነትም አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ትሕትና ነው፣ ጌታው።»

ባዘዘው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔ የትሕትና ድጎማ የለኝም። ቁጥሩን ይንገሩኝና አስተካክላለሁ። ስንት ነው?»

ተሾመች አፏን ከፈተች። ዘመናይ በዓይኗ ላይ መጣችባት፤ ግቷ ሲደርቅ፣ ጎኗ ሲገባ ታያት። አፏን ዘጋች። እንደገና ከፈተች። «ከሻይ... ትንሽ ይበልጣል» አለች።

«ያ ረቢ!» አለች ዙሌይካ። «ለሰው ሁሉ የሚከፈት አፍሽ ዛሬ ምን ነካው? አቶ ባዘዘው፣ ለሻይ ቤት ያህል ነው። ሻይ ማለቷ ልክ ነው፤ ቤቱን ነው የረሳችው።»

«የእርስዎስ?»

ዙሌይካ ወደ ጣሪያው አየች።

«ገባኝ» አለ ባዘዘው፤ ምንም አልገባውም ነበር። «ሐሙስ ጠዋት እርስዎ ጋ እንመጣለን። እርስዎ ያልቡ፣ እኔ አያለሁ። ልክ ከሆነ የሌሎቹንም አሥር ላሞች በየተራ እንለካለን። ካልሆነ መኪናው ይመጣል። እኔ በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም።»

በዓለም ላይ ካሉ ቃላት ሁሉ ያችን መረጠ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ፍሬአብ ሳል ጀመረው።

«በዓይንዎ?» አለች ተሾመች። «ባልዲው ውስጥ?»

ያዳናት ፍሬአብ ነው፤ የዘጠኝ ወር ወተት በመጨረሻ በጭንቅላቱ ላይ ሥራ ሠራ። «ኃላፊ፣ ክዳን ያለው ባልዲ እንጠቀም። ባዶውን እንመዝናለን፣ ሞልቶ ደግሞ እንደ ተከደነ እንመዝነዋለን። ቡና ነጋዴው አባቦራ ጋ የቡና መመዘኛ አለ። ልዩነቱ ወተቱ ነው፤ ማንም ውስጡን ማየት የለበትም።»

ባዘዘው መመሪያውን አንሥቶ ገጹን አገላበጠ። «መመሪያው ስለ ክዳን የሚለው ነገር የለም» አለ በመጨረሻ፤ ይህ በሱ አፍ እሺ ማለት ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ዝናቡ ለአፍታ አቁሞ ነበር፤ እሱም ሊያይ መሰለ። ቡና ነጋዴው አባቦራ፣ ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አዛውንት፣ መመዘኛውን በልጆቹ ትከሻ አስይዞ መጣ፤ ከበረቱ ተራዳ ላይ ሰቀለው፣ ባዶውን ባልዲ ከነክዳኑ መዘነ። አሥሩ ሴቶች አጥሩን ይዘው ቆሙ። እኛም የምንገዛው ነገር ሳይኖር ወደዚያ መንገድ ያደረሰን ጉዳይ አልጠፋም። ባዘዘው ከሁለት የቢሮ ሰዎች ጋር ከላሚቱ ኋላ ቆመ፤ ዘመናይ ዞራ ጫማውን አየችው፣ ጭቃውን አይታ ፊቷን መለሰች።

ተሾመች በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ጥጃዋን አስጠብታ ለየች። ግቷን በሞቀ ውሃ አጠበች። ያለ ዜማ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ዘመናይ ያለ ዜማ ግቷን እንደ ንፉግ ከረጢት ትቋጥራለች። ነገር ግን ከጀርባዋ የቆመው ሰውየው ነው፤ የሰሞኑ ግጥም ሁሉ ደግሞ ስለሱ ነው። ሌሊቱን ስታሰላስል አድራ ያዘጋጀችውን የክብር ግጥም አወጣች፦

እንኳን ደህና መጡ፣ የዞኑ ኃላፊ፣
ለላሞች አሳቢ፣ ለድኻ ተሰላፊ።

ከአጥሩ ወዲያ አንዱ «ስብሰባ ነው እንዴ?» ሲል ተሰማ። ዘመናይ አንገቷን አዙራ ተሾመችን አየቻት፤ ይህቺ ሴት ማን ናት ያለች ይመስላል። ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ጠብ የሚለውም ቆመ። ተሾመች ደገመችው፣ ሰለሰችው፤ ተሰላፊ፣ ተሰላፊ እያለች። ምንም።

ባዘዘው ሰዓቱን አየ። ከሦስቱ እስክሪብቶዎች አንዱን መዘዘ። «እንግዲህ፣ ወይዘሮ ተሾመች...»

«ቆይ!» አለች ዙሌይካ ከአጥሩ። «ተሾመች! የሰሞኑን በያት!»

«አንቺ ዝም በይ!»

«የሰሞኑን በያት እላለሁ! ላሟ ከምትሄድ ሰውየው ቢቀየም አይሻልም?»

ተሾመች ግንባሯን የዘመናይ ጎን ላይ አሳረፈች። በሙቀቱ ውስጥ የላሟ ልብ ድም ድም ይላል። ሸኮን አሰበች፤ መኪናውን፣ ጭቃውን፣ ማዳበሪያ ከረጢት የማያነጥፍላት ሰው። በዘፈን አንቱታ የለም። ዓይኗን ጨፈነችና ለቀቀችው፦

ባዘዘው መጣልሽ፣ ወረቀት ታቅፎ፣
ከጓሮዬ ሊወስድሽ፣ ስሜን በቀይ ጽፎ።

የዘመናይ ጆሮ ተንቀሳቀሰ። ቀዩ ጨርቅ ተርገበገበ። ጭርር አለ ባልዲው። ባዘዘው ስሙን ሲሰማ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ተሾመች አላየችውም፤ የምታየው ነገር አልነበረም፤ እጇ ብቻዋን ትሠራ ነበር።

እስክሪብቶ ቢታለብ፣ ቢያጋት ወረቀት፣
ቢሮህ በጎረፈ፣ ባልመጣህ እኔ ቤት።

ያኔ ወረደ። ጭርር፣ ጭርር፤ ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ቡፍ ቡፍ ወደሚል አረፋ ተለወጠ። ከአጥሩ ወዲያ አንዱ ሣቁን በጉልበት ያዘና አፈነዳው፤ ሌላው ተከተለ፤ አሥሩ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተንቀጠቀጡ። ከባዘዘው ጋር የመጡት ሁለቱ ሰዎች ዛፍ ዛፉን ያያሉ፤ ትከሻቸው ግን ይዘላል። ግጥሙ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ በየድግግሞሹ ባልዲው ከበደ።

ተሾመች አልባ ጨረሰች። ምን እንዳለች ገባት። ባልዲውን ከድና፣ ከበርጩማዋ ሳትነሣ፣ አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ፣ ጌታው። ለላሟ ነው።»

ባዘዘው እስክሪብቶውን ኪሱ ላይ መልሶ ሰካ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ይታገል ነበር፤ ከንፈሩ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። «እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስታልብ አባቴን ነበር የምትሰድበው። ከተማችን ሸዋ ቤንች ሙሉ ሰምቶ ያድር ነበር። አባቴ ከበረቱ ኋላ ቆሞ ያዳምጥና፣ ‹ዛሬ ብዙ ሰደበችኝ፣ ወተት አለ› ይለን ነበር።» ከዚያ ሣቀ። ቀልድ የማይወደው ሰው እስኪያስለው ሣቀ፤ እኛም የያዝነውን ለቀቅነው።

አባቦራ ግን አልሣቀም፤ በሥራው ላይ ነበር። የተከደነውን ባልዲ መንጠቆው ላይ ሰቀለ፣ መመዘኛው እስኪረጋ ጠበቀ፣ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ባዘዘውን ጠራው። ባዘዘው ጎንበስ ብሎ አየ። ቅንድቡ ተነሣ። ከልማዱ የተነሣ «እንግዲህ ዛሬ በአንድ አለባ ብቻ...» ብሎ ጮክ ብሎ ሊያነብ ሲጀምር አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ድምፅ «ኧረ በአላህ!» «ኧረ በማርያም!» ብለው ጮኹበት። አፉን ያዘ። ወረቀቱ ላይ ጻፈው፣ ተሾመች ወረቀቱን እንዲያጥፈው ለመነችው፣ አጠፈው። ስንት እንደሆነ እዚህም አይጻፍም። ደንቡን በአንድ አለባ አለፈ ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ይመርመር።

«ላሟ ትቀመጣለች» አለ ባዘዘው። «ድጎማውም ይቀጥላል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲህ የምትሰጥ ላም ያላት ሰው በዓመቱ ራሷን ችላለች ይባልና ፉርሽካው ሙሉ ዋጋ ይሆናል።»

ተሾመች ከዚያ ሁሉ የሰማችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ነው። ተነሥታ እጁን ልትስም ስትል እሱ እጁን ሸሸገ፤ በምትኩ የዘመናይን አንገት አቀፈች፣ ዘመናይም ይህ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ማቀፍ ምን ይባላል ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በማግሥቱ ተራው የዙሌይካ ነበር። ተሾመችም ልታግዛት ሄዳ ከባዘዘው ጎን ቆመች። መመዘኛው ተሰቀለ፣ ባልዲው ተከደነ፣ ዙሌይካ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በኦሮምኛ ጀመረች። ዜማው ለስላሳ ነው፣ ወተቱም ይወርዳል፤ ነገር ግን በየስንኙ መጨረሻ አባቦራ፣ ያ በትናንቱ ዕለት እንኳ ያልሣቀው አባቦራ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ባዘዘው ስሙን ሦስት ጊዜ ለየ። ወደ ተሾመች ጠጋ አለ።

«ምን እያለች ነው?»

«ዕድሜ ይስጠው እያለች ነው።»

ዙሌይካ ቀጠለች፤ ሌላ አራት ስንኝ። አባቦራ መመዘኛውን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከውጭ ሳል ይሁን ሣቅ የማይለይ ነገር ተሰማ።

«ለዕድሜ ብቻ ይህ ሁሉ ግጥም?» አለ ባዘዘው።

«ረጅም ዕድሜ ነዋ፣ ጌታው፣ የለመነችልዎት» አለች ተሾመች።